«ቲቸር፣ የትኛውን አንቲቫይረስ ልጫን?» ለምትሉኝ ሁሉ

ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእስቴ፣ አሁን ደግሞ ከየዩኒቨርሲቲውና ከየመሥሪያ ቤቱ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ አንድ የማይለወጥ ጥያቄ አላችሁ። «ቲቸር፣ ላፕቶፕ ገዛሁ፤ የትኛውን አንቲቫይረስ ልጫን?» ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈውና ተቀባበሉት ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት።

መጀመሪያ መልሱን ልስጣችሁ፣ ምክንያቱን ቀጥዬ እመጣበታለሁ። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለው ኮምፒውተር የገዛ ሰው አንቲቫይረስ አለው። ማይክሮሶፍት ዲፌንደር ይባላል፤ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ ይመጣል፤ አምስት ሳንቲም አይጠይቅም። ፈተና ለሚያወጣ መምህር፣ ጥናታዊ ጽሑፍ ለሚጽፍ ተማሪ፣ ደብዳቤ ለሚተይብ የቢሮ ሠራተኛ እሱ ይበቃል። የጎደለን አንቲቫይረስ አይደለም። የጎደለን ሌላ ነው፤ ዛሬ ልናገር የፈለግሁትም ስለ እሱ ነው።

እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ እንጂ የሳይበር ደህንነት ሊቅ አይደለሁም። ግን በየዓመቱ ስንት ፍላሽ፣ ስንት ላፕቶፕ፣ ስንት «ቫይረስ በላብኝ» የሚል ሰው እጄ ላይ እንደሚመጣ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የምናገረው ከዚያ ነው።

ጠላታችን በእግሩ ነው የሚመጣው

ፈረንጆቹ ስለ አንቲቫይረስ ሲጽፉ የሚያስቡት ቀኑን ሙሉ ኢንተርኔት ላይ ያለ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ግን ቫይረስ በአብዛኛው የሚመጣው በፍላሽ ነው። መንገዱን እስኪ አብረን እንከተለው። መምህሩ ፈተናውን ሊያሳትም ፍላሹን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ይገባል። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ያን ቀን ሠላሳና አርባ ፍላሽ ተሰክቷል፤ የወረዳ ቢሮ፣ የጤና ጣቢያ፣ የማኅበር፣ የሠርግ ፎቶ የያዘው ሁሉ። መምህሩ ፍላሹን ነቅሎ ወደ ትምህርት ቤት ይመለስና ስታፍ ክፍል ያለው ኮምፒውተር ላይ ይሰካዋል። ከዚያ ሌላው መምህር ማርክ ሊያስገባ ይሰካል። ከዚያ ወደ ላብራቶሪ። ከላብራቶሪ ወደ ተማሪዎቹ ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ። ቅዳሜ ተማሪው ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሲሄድ ቫይረሱም አብሮት ይሄዳል። ነፋስ መውጫ የተነሳው በሳምንቱ አርብ ገበያ፣ በሁለተኛው ሳምንት ወገዳ፣ ከዚያ መካነ ኢየሱስ ይደርሳል። ኔትወርክ አላስፈለገውም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በግል ኮምፒውተሮች ዓለም የመጀመሪያው ተብሎ የሚጠቀሰው ቫይረስ «ብሬን» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1986 በፓኪስታን ላሆር ከተማ ሁለት ወንድማማቾች የሠሩት ነው። የተሰራጨውም በፍሎፒ ዲስክ ነበር፤ የዚያ ዘመን ፍላሽ በሉት። ወንድማማቾቹ ቫይረሱን የጻፉት ሶፍትዌራቸውን ያለ ፈቃድ የሚገለብጠውን ሰው ለማስደንገጥ እንደነበር ተናግረዋል። ስማቸውንና ስልካቸውን ሳይቀር አስገብተውበት ነበር። ተሰርቆ በሚገለበጥ ዲስክ ተሳፍሮ አገር ለአገር ዞረ። አርባ ዓመት አለፈው፤ እኛ ግን ዛሬም እዚያው ነን፤ ዲስኩ ብቻ ነው ያነሰው።

ድሮ ፍላሽ ገና ሲሰካ በራሱ የሚነሳ ነገር ነበር፤ አውቶራን ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሳው «ኮንፊከር» የተባለው ቫይረስ አንዱ መንገዱ ይኼ ነበር። ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 7 ይህን በር ዘጋ፤ በ2011 ደግሞ በአፕዴት ለድሮዎቹም ዘጋላቸው። ቫይረስ ጸሐፊዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? በሩን ራሳችን እንድንከፍትላቸው አደረጉ። ፍላሹ ውስጥ ያሉትን ፎልደሮች ይደብቁና በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያለው ሾርትከት ያስቀምጣሉ። እናንተ «11ኛ ክፍል ማርክ» የሚለውን ስትነኩ ፎልደሩ ይከፈትላችኋል፤ ምንም የተለየ ነገር አይታያችሁም። ግን በዚያችው ቅጽበት ቫይረሱም አብሮ ተነስቷል። በስሙ አጠገብ ትንሽ ቀስት ካያችሁ፣ ያ ፎልደር ፎልደር አይደለም። ጣታችሁን ሰብስቡ።

«ቫይረስ በላው» የሚባል ነገር

ከቫይረሱ በላይ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ የመመረቂያ ጽሑፏን በአንድ ፍላሽ ብቻ ይዛ ነበር። ፍላሹ ባዶ ሆኖ ሲታያት ወደ አንድ ኮምፒውተር ቤት ወሰደችው። «ቫይረስ በልቶታል፣ ፎርማት ይደረግ» አሏት። እሺ አለች። ፎርማት ተደረገ፤ በባዶው ፍላሽ ላይ አንቲቫይረስና ዘፈን ጭነው ሰጧት። እኔ ጋ ስትመጣ ሦስት ወር የደከመችበት ጽሑፍ የለም።

ልብ በሉ፤ ቫይረሱ ምንም አልበላም ነበር። የበላው ፎርማቱ ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥማችሁ አስቀድማችሁ ይህችን ተመልከቱ፦ ፍላሹ 16 ጊጋባይት ሆኖ ስትከፍቱት ባዶ ይመስላል እንበል፤ ግን ፕሮፐርቲስ ውስጥ ስታዩ «9 ጊጋባይት ተይዟል» የሚል ከሆነ ፋይላችሁ እዚያው አለ። ተደብቋል እንጂ አልጠፋም። በመጀመሪያ ፍላሹን በአንቲቫይረስ ስካን አድርጉ። ከዚያ «ቪው» የሚለው ውስጥ ገብታችሁ «ሂደን አይተምስ» የሚለውን ምልክት አድርጉበት። አሁንም ካልታየ የፎልደር ኦፕሽን ውስጥ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሱ። ብዙ ጊዜ ፎልደሮቻችሁ ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። ወደ ሌላ ቦታ ቅዱ፤ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ፎርማት ተደርጎም ቢሆን ምንም አዲስ ነገር ካልተጫነበት እንደ ሬኩቫ ያሉ ነፃ ሶፍትዌሮች የሚመልሱት አለ። ዘፈን ከተጫነበት ግን ተስፋው ይመነምናል።

ስለዚህ ማንም «ፎርማት ይደረግ» ሲላችሁ «ቆይ፣ መጀመሪያ ፋይሉን አውጣልኝ» በሉ። ማውጣት ካልቻለ ፍላሹን ይዛችሁ ውጡ። ሐኪም እንኳ እግር ከመቁረጡ በፊት ሌላውን ሁሉ ይሞክራል።

ውሻህን እሰርልኝ የሚል እንግዳ

አሁን ወደ ዋናው ሕመም እንምጣ፤ ክራክ። ብዙዎቻችን ላፕቶፕ ላይ ያለው ዊንዶውስ፣ ኦፊስ፣ የአማርኛ መጻፊያ፣ ሁሉም ክራክ ነው። ስሙን አንደባብቀው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ።

ክራኩን ልትጭኑ ስትሉ አብሮት የሚመጣው መመሪያ የመጀመሪያ መስመሩ ምን ይላል? «አንቲቫይረስህን አጥፋ» ይላል። እስኪ አስቡት። ማታ በር ላይ የማታውቁት ሰው መጥቶ «ከመግባቴ በፊት ውሻህን እሰርልኝ» ቢላችሁ ታስገቡታላችሁ? እኛ ግን ውሻውን አስረን፣ በሩን ከፍተን፣ «ግባ፣ ቤት ለእንግዳ» እንላለን። ከዚያ ውሻውን መፍታት እንረሳለን። ከወር በኋላ ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ «ዲፌንደር እኮ አይሠራም፣ ጠንካራ አንቲቫይረስ ስጠኝ» ይመጣል።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ክራክ ቫይረስ አለበት አልልም። አንዳንዱን አንቲቫይረስ የሚጮህበት ክራክ ስለሆነ ብቻ ነው። ችግሩ የትኛው ንጹሕ የትኛው የተመረዘ እንደሆነ ሊነግራችሁ የሚችለውን መሣሪያ ራሳችሁ አጥፍታችሁታል። ስለዚህ በጭፍን ነው የምትገቡት።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ክራክ የሆነ አንቲቫይረስ ነው። የተሰረቀ ቁልፍ ገዝቶ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው እንደማለት ነው። ዛሬ ይሠራል፤ ኩባንያው ቁልፉን ሲያውቅበት ይዘጋዋል፤ አፕዴቱ ይቆማል። ስክሪኑ ላይ ስሙ አለ፣ ምስሉ አለ፣ ጥበቃው ግን የለም። ሌላው ጉድ ደግሞ ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ዲፌንደር «ጠባቂ መጣ» ብሎ ራሱን ገለል ማድረጉ ነው። ስለዚህ የሚሠራውን አስወጥታችሁ የማይሠራውን አስቀመጣችሁ ማለት ነው። አዲስ ላፕቶፕ ላይ ለሙከራ ተብሎ ተጭኖ የሚመጣውም አንቲቫይረስ ጊዜው ሲያልፍ ያው ነው፤ አራግፉትና ዲፌንደር መመለሱን አረጋግጡ።

ሰው ለምን ክራክ ይጠቀማል ብዬ አልፈርድም። የእነዚህ ነገሮች ዋጋ በዶላር ነው፤ ብር ደግሞ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ምን እንደሆነ ሁላችንም በኪሳችን እናውቃለን። ዶላሩ ቢገኝስ በኢንተርኔት የሚከፍል ካርድ ያለው መምህር የቱ ነው? ግን መውጫ አለ። ለጽሑፍና ለሠንጠረዥ ሊብሬ ኦፊስ ነፃ ነው። ለቪዲዮ ቪኤልሲ ነፃ ነው። አማርኛ ለመጻፍ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ኪማንም በነፃ ይወርዳል። ሁሉንም ክራክ በአንድ ቀን ጣሉ አልልም። አንድ በአንድ ቀንሱ። አንድ ክራክ ባነሰ ቁጥር ውሻውን የምታስሩበት አንድ ምክንያት ቀነሰ።

ስለ ስሞቹ

አሁን «ካስፐርስኪስ? አቫስትስ? ስማዳቭስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ባጭር ባጭሩ።

ስማዳቭ፦ የስማዳ ልጆች ስሙን አይታችሁ የአገር ልጅ እንዳይመስላችሁ፤ ኢንዶኔዥያዊ ነው። በፍላሽ ስለሚዞር እኛ አካባቢ ተወዳጅ ሆኗል። ሠሪዎቹ ራሳቸው የሚሉት ግን ከዋናው አንቲቫይረስ ጎን የሚቆም ተጨማሪ ነው። እሱን ብቻ ጭኖ ዲፌንደርን ማጥፋት ሠሪዎቹም አላሉም።

አቫስት፦ የቼክ ነው፤ ነፃው በጣም ተሰራጭቷል። ኤቪጂንም እ.ኤ.አ. በ2016 ገዝቶታል። ቫይረስ የመያዝ ችሎታው መጥፎ አይደለም። ግን በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ምክንያቱም ተጠቃሚዎች ኢንተርኔት ላይ የት የት እንደሚገቡ እየሰበሰበ በአንድ እህት ኩባንያው በኩል ይሸጥ ነበር። ጠባቂው ራሱ የቤቱን ወሬ ገበያ ያወጣል እንደማለት ነው። ይኼን የማነሳው ነፃ ሁሉ መጥፎ ነው ለማለት አይደለም። አንቲቫይረስ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ያለውን ሁሉ የማየት ሥልጣን ያለው ሶፍትዌር ስለሆነ፣ ማን እንደሠራውና በምን እንደሚተዳደር መጠየቅ ተገቢ ነው ለማለት ነው።

ካስፐርስኪ፦ የሩሲያ ነው፤ ቫይረስ በመያዝ ስሙ የተጠራ ነው። አሜሪካ በ2024 እ.ኤ.አ. በአገሯ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ የሩሲያ መንግሥት ሊጠቀምበት ይችላል በሚል ሥጋት ነው፤ ኩባንያው ክሱን አይቀበልም። የእነሱ ጠብ የእኛን የማርክ ፋይል አይመለከትም ልትሉ ትችላላችሁ፤ ይሆናል። ግን እኛ አካባቢ የምናገኘው ካስፐርስኪ አብዛኛው ክራክ ስለሆነ ጥያቄው ሞስኮ ድረስ አይሄድም፤ እዚሁ ያልቃል።

ኢሴት፣ ቢትዲፌንደር፣ ኖርተን፦ በሕጋዊ ፈቃድ ከሆነ ጥሩ ናቸው። ፈቃዱን በየዓመቱ መክፈል የምትችሉ ከሆነ ምርጫው የእናንተ ነው።

ዲፌንደርን የምትንቁት ደግሞ በድሮው ስሙ ነው። እውነት ነው፣ የዛሬ አሥራ ምናምን ዓመት የማይክሮሶፍት ነፃ አንቲቫይረስ በፈተና ደካማ ውጤት ያመጣ ነበር። ዛሬ ግን የጀርመኑ ኤቪ ቴስትና የኦስትሪያው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ በየጊዜው በሚያወጡት ምዘና ከሚከፈልባቸው ጋር ተቀራራቢ ውጤት ያመጣል። ዘጠነኛ ክፍል ደካማ የነበረ ተማሪ አሥራ ሁለተኛ ላይ ጎበዝ እንደሚሆነው ነው፤ የድሮ ካርዱን ይዘን አንፍረድበት።

አንድ ነገር ግን አታድርጉ፤ ሁለት አንቲቫይረስ አትጫኑ። «አንዱ ያለፈውን ሌላው ይይዘዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። እነዚህ ሶፍትዌሮች የሲስተሙ ሥር ድረስ ገብተው ነው የሚቀመጡት። እዚያ ላይ ሁለት ሲሆኑ እርስ በርስ ይጠራጠራሉ፤ 4 ጊጋ ራም ያላት ላፕቶፕ ደግሞ በመሐል ትታፈናለች። ሥሩ ላይ መቀመጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያየነው ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ሶፍትዌር አንዲት የተበላሸች አፕዴት ልኮ በዓለም ዙሪያ ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አንበረከከ፤ አውሮፕላኖች ሳይቀሩ ቆሙ። ቫይረስ አልነበረም፤ ጠባቂው ራሱ ነበር።

«ኔት በሌለበትስ?»

ይህን የሚጠይቀኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ጥያቄውም ልክ ነው። ዲፌንደር ትልቅ ድክመት አለው። ብዙውን ነገር የሚለየው ኢንተርኔት ላይ ካለው የማይክሮሶፍት መረጃ ጋር እያመሳከረ ስለሆነ፣ ኔት ሲቋረጥ የመለየት አቅሙ ከአንዳንዶቹ ተፎካካሪዎቹ ዝቅ ይላል። የኤቪ ኮምፓራቲቭስ ምዘናም ይህንኑ አሳይቷል። ይህ ለአዲስ አበባ ሰው የወረቀት ቁጥር ነው። ለእኛ ግን ኑሮ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አትረሱትም። ያኔ አፕዴት ያላየ ስንት ኮምፒውተር ነበር!

እንግዲህ ምን ይደረግ? አፕዴቱም እንደ ቫይረሱ በእግሩ ይምጣ። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን የቫይረስ መረጃ ለብቻው እንደ አንድ ፋይል ያቀርባል። መጠኑ ከ100 ሜጋባይት ያልፋል፤ ስታወርዱ ኮምፒውተራችሁ 64 ቢት ከሆነ የ64 ቢቱን ምረጡ። ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ዋይፋይ ያለበት ቦታ የሄደ ሰው ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ያውርድ፤ በንጹሕ ፍላሽ ያምጣ፤ ኔት በሌለው ኮምፒውተር ላይ ሁለቴ ክሊክ፣ በቃ። በወር አንዴ እንኳ ቢሆን ከምንም ይሻላል። ለስብሰባ፣ ለደመወዝ ጉዳይ፣ ለሥልጠና ወደ ዞን የማይሄድ መምህር የለም፤ ተራ ብናወጣ የሚከብድ አይደለም።

ኔት ፈጽሞ የማያዩ ብዙ ኮምፒውተሮች ያሉት ተቋም ከሆነ ግን የእኔ «ዲፌንደር ይበቃል» እዚያ ላይ ያበቃል። እነ ኢሴትና ካስፐርስኪ ለተቋም በሚሸጡት ላይ አንዱ ኮምፒውተር አፕዴቱን አምጥቶ ለሌሎቹ የሚያድልበት አሠራር አለ። ትምህርት ቤትም ሆነ ወረዳ በጀት ሲይዝ ይህን በሕጋዊ መንገድ መግዛቱ ብክነት አይደለም። ለግለሰብ ግን አሁንም መልሴ ያው ነው።

አንቲቫይረስ የማይሞላው ቀዳዳ

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው ቫይረስ ከ150 በላይ በሆኑ አገሮች ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ፤ «ፋይልህን ከፈለግህ ክፈል» እያለ። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሕመምተኛ እስከመመለስ ደረሱ። የሚገርመው ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት መጋቢት 5 ላይ አውጥቶት ነበር፤ ሁለት ወር ሊሞላው ምንም አልቀረውም። የተመቱት ያልጫኑት ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ስለዚህ የዊንዶውስ አፕዴትን «ካርድ ይበላል» ብላችሁ ለዘላለም አትዝጉት። ዋይፋይ ስታገኙ ልቀቁት። ዊንዶውስ 7 የያዛችሁ፣ የደህንነት አፕዴቱ ከጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል፤ ምንም አንቲቫይረስ ብትጭኑበት ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ግን አትደንግጡ፤ ለግለሰቦች ለአንድ ዓመት የሚያራዝም ምዝገባ አለ፤ የዲፌንደር የቫይረስ መረጃም እስከ ጥቅምት 2028 እ.ኤ.አ. እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አስታውቋል። ኮምፒውተራችሁ 11ን የሚችል ከሆነ አሻሽሉት፤ የማይችል ከሆነ ተመዝግባችሁ ጊዜ ግዙ።

ሌላው ቀዳዳ ጣታችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ የካናዳው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ጥናት፣ በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ያነጣጠረ የስለላ ሶፍትዌር በኢሜይል ይላክ የነበረው የአዶቤ ፍላሽ አፕዴት መስሎ ነው። ቪዲዮ ለማየት «መጀመሪያ ይህን ጫን» ይላል፤ ሰው ይጭናል። በቴሌግራም ግሩፕ የሚላክላችሁ «የ12ኛ ክፍል መልስ» ወይም «የሥራ ማስታወቂያ» የሚል ፋይል መጨረሻው ዶት ኤግዚ ወይም ዶት ኤፒኬ ከሆነ ማስታወቂያ አይደለም። ማስታወቂያ ፕሮግራም አይሆንም።

ሁለት ባላ ትከል

አሁን የጎደለን ምንድን ነው ያልኩት ላይ ደረስን። የጎደለን ሁለተኛ ቅጂ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ብለው አባቶቻችን ነግረውናል። እህል እንኳ ሁሉንም በአንድ ጎተራ አናስቀምጥም፤ ነቀዝ አንዱን ቢገባበት ለዘር የሚሆነው በሌላው ይቀራል። የአንድ ትምህርት ቤት ሮስተር ግን አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተቀምጦ ያድራል።

ለአንቲቫይረስ ልትከፍሉ ያሰባችሁትን ብር ለሁለት ፍላሽ አድርጉት። አንዱ «የሚዞር» ይሁን፤ ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሄድ፣ ባዶ የሆነ፣ የሚታተመውን ብቻ የያዘ። ሌላው «የማይዞር» ይሁን፤ ቤት ብቻ የሚሰካ፣ ዋናውን ሥራ የሚይዝ። ቀድታችሁ ስትጨርሱ ንቀሉት፤ ተሰክቶ ከቆየ የሚቆልፈው ቫይረስ ሲመጣ እሱንም አብሮ ይቆልፈዋል። ኔት ባለ ቀን ደግሞ ሦስተኛ ቅጂ ለራሳችሁ ኢሜይል ወይም ቴሌግራም ላይ ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ አስቀምጡ። ፈተና ከሆነ ግን ግሩፕ ውስጥ እንዳትጥሉት አደራ!

ለፎቶ ኮፒ ቤት ወንድሞቼና እህቶቼ አንድ ቃል አለኝ። የከተማው ፍላሽ ሁሉ የሚያልፈው በእናንተ እጅ ነው። ዲፌንደራችሁን አብሩት። ፍላሽ ሲሰካ በቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ስካን በሉት፤ ደቂቃ ነው። ደንበኛው ስልክ ካለው ፋይሉን በቴሌግራም ወይም በብሉቱዝ ተቀበሉት፤ ፍላሽ ባይሰካ ይሻላል። «እዚያ ቤት ያተመ ፍላሹ ንጹሕ ነው» መባል ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ ደንበኛ ያመጣል።

ለርእሳነ መምህራን ደግሞ፦ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። የሩቁ ቀበሌ ልጅ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀው ልጅ፣ መለማመጃው የእኛ ላብራቶሪ ብቻ ነው። ያ ላብራቶሪ በቫይረስ ግማሹ ተዘግቶ ሲከርም የሚጎዳው እሱ ነው። የከተማው ልጅ ቤቱ ላፕቶፕ አለው። አንድ ሰው በኃላፊነት ይመደብ፤ በወር አንድ ቀን ይሰጠው፤ አፕዴት ያምጣ፣ ስካን ያድርግ፣ ሮስተሩን ይቅዳ። በጀት የማይጠይቅ ነገር እንኳ ካልሠራን ስለ በጀት ማማረር አያምርብንም።

እንግዲህ ጠቅለል ሳደርገው፦ ዲፌንደርን አብሩ። ክራክ ቀንሱ። ዊንዶውሱን አፕዴት አድርጉ። ቀስት ያለበትን ፎልደር አትንኩ። ሳታወጡ ፎርማት አታስደርጉ። ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ። ይህን ያደረገ ሰው ከነገ ጀምሮ የአንቲቫይረስ ስም መጠየቅ ያቆማል።

የተለየ ልምድ ያላችሁ፣ በተለይ በአይቲ የተመረቃችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አርሙኝ፣ ጨምሩበት። ከመምህሩ የበለጠ ተማሪ ማየት ደስታ ነው። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ግን ከሁሉ በፊት ተነሱና ያን አንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ያለውን ፋይል ቅዱት። ዛሬ ማታ፣ መብራት ሳይጠፋ።